ታፔላ የሌለው የመጽሐፍ ኪራይ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ

ክፍል ውስጥ ነው የተጀመረው። ስለ ልማት አንድ ምንባብ እያነበብን ነበር። "ኋላ ቀር" የሚል ቃል አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለስበታል። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ኋላ ቀር ማለት ከማን ኋላ ነው?" አለኝ። ከሠለጠኑት አገሮች አልኩት። መልሱ እንዳልበቃው ፊቱ ላይ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልበቃኝም። ከክፍል ስንወጣ ጠርቼው ጥያቄውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። "የኔታ ቤት ደብተር ላይ ተጽፎ አይቼ ነው" አለኝ።

የኔታ ቤት የሚለው የኔታ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር መጽሐፍ የሚያከራዩበት ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ በዚያው መንገድ እየተመላለስኩ ሽንኩርትና ጨው እየገዛሁ፣ ቤቱን አላውቀውም ነበር። ታፔላ የለውም። አሁን ከሰኔ ጀምሮ ደንበኛ ነኝ። ያልሰማ ካለ ይስማ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ልብስ ሰፊ አለ፣ ከማዶ ቡና የምታፈላ ሴትዮ አለች። ልብስ ሰፊውን "የኔታ አሉ?" በሉት፣ ያሳያችኋል። ውስጡ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፣ መደርደሪያው ከባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ ነው፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር አለ። አንድ ቀን መጽሐፎቹን ልቆጥር ጀምሬ 600 አካባቢ ስደርስ ደከመኝ። ልብ ወለድ አለ፣ ታሪክ አለ፣ የድሮ መጽሔት አለ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ አለ፣ የተማሪ መማሪያም አለ። አብዛኛው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በደንብ ተለብጧል። የሚለብጡት የኔታ ራሳቸው ናቸው።

ዋጋው ቀጭን መጽሐፍ በቀን 10 ብር፣ ወፍራም 15 ብር ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ቀኑን ሙሉ 5 ብር። መያዣ መታወቂያ ወይም 200 ብር ነው። አዲስ መጽሐፍ 500 ብር አልፎ በሚሸጥበት ጊዜ ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በአምስት ወር ውስጥ አሥራ አራት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ከዚያ በፊት በዓመት ሁለት ካነበብኩ ብዙ ነው።

ግን ይህን ቤት ከሌላው የሚለየው ዋጋው አይደለም። ደብተሩ ነው። መጽሐፍ ስትመልሱ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ መጽሐፉ ያስነሳባችሁን አንድ ጥያቄ ትጽፋላችሁ። "ጥሩ መጽሐፍ ነው" ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ የኔታ አይቀበሉም። ስም አይጻፍም። የፈለገ ሰው ከሌላው ጥያቄ ሥር መልስ ይጽፋል። ጥያቄ ለጻፈ 5 ብር ይቀነስለታል፣ ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ ለ5 ብሯ ብለው ይጽፋሉ፣ ኋላ ግን ጥያቄያቸው መልስ ማግኘት አለማግኘቱን ለማየት ብቻ እየተመላለሱ ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ዘጠነኛው ደብተር ላይ ነን።

የኔታ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል፣ ዋሸራም ሄደዋል። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው፣ መምህር ሆነው፣ ጡረታ ወጡ። ደብተሩን ከምን አምጥተው እንደጀመሩት ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ። "ልጄ፣ ቅኔ ቤት ቀን ቀን በየጥሻው ቁጭ ብለን ቅኔ እንቆጥራለን፣ የራሳችንን እንፈጥራለን ማለት ነው፣ ማታ መምህራችን ፊት እንነግራለን። የትናንቱን ይዞ የመጣ ያፍራል። የሰው ይዞ የመጣማ ሌባ ነው። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባን። እዚያ ደግሞ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እንዳለ ገልብጦ የመለሰ ልጅ አንደኛ ወጣ። እኔም ስቀጠር ሠላሳ ዓመት እንደዚያው አስተማርሁ። እሱ ይቆጨኛል።"

እኔም መምህር ነኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀቶቼን አወጣሁ። ከግማሽ በላዩ "ዘርዝር"፣ "ጥቀስ" ነው። ሥልጣኔ የምንለው ነገር ሲመጣ አንዳንድ ቦታ ከነበርንበት ወደ ኋላ እንደወሰደን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። የቅኔ ቤቱ ልጅ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በየቀኑ የራሱን አዲስ ነገር እንዲፈጥር ይገደድ ነበር። የእኔ ተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ ይገለብጣል። ቅኔ ቤቱ ሁሉ ነገር ነበረው ማለቴ አይደለም፣ ሒሳብና ሳይንስ አልነበረበትም፣ ሴት ልጅም እምብዛም አይገባበትም ነበር። ግን ያ አንድ ነገር ነበረው።

የተማሪዬ ጥያቄ ያለው ሰባተኛው ደብተር ላይ ነው። ከሥሩ ዘጠኝ ሰው መልሷል። አንዱ "ከአውሮፓ" ብሏል። ሌላው "ከአክሱምና ከላሊበላ፣ ከራሳችን ኋላ" ብሏል። እጅ ጽሑፉ ገና ያልጠና ልጅ ደግሞ "ዘመናችን ራሱ ከፈረንጅ በሰባት ዓመት ኋላ ስለሆነ ነው" ብሎ ጽፏል። እዚህ ላይ የኔታ በቀይ ገብተውበታል፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ትምህርት፣ ያውቃሉና። የእኛዎቹ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ብለው ቆጠሩ፣ ሮማውያኑ የልደቱን ዓመት በሌላ ስሌት አስቀመጡት፣ በዚህ ምክንያት ቁጥሩ በሰባት ወይም በስምንት ተለያየ እንጂ ፀሐይዋ ለሁላችንም በአንድ ቀን ነው የምትወጣው ብለው ግማሽ ገጽ ጽፈውለታል። ለአንድ ሕፃን መልስ ግማሽ ገጽ!

ቤቱ ውስጥ በጣም የተቀደደው መጽሐፍ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርዟል። ደራሲው አድዋ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ የሄዱ፣ ኦስትሪያ የተማሩ፣ ተመልሰው ነጋድራስ፣ የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1911 ገና በወጣትነታቸው አረፉ፣ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ነው። ባጭሩ የሚሉት፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬውን እየሸጠ የተሠራውን ይገዛል፣ ባንዲራው የራሱ ቢሆንም ኑሮው የሌላው ጥገኛ ይሆናል ነው። በጽሑፎቻቸው ጃፓንን እንደ ምሳሌ ያነሳሉ። ያኔ ጃፓን ከአውሮፓ ተምራ በአጭር ጊዜ የተነሳች አገር ነበረችና ብዙ የተማረ ኢትዮጵያዊ እሷን ነበር የሚያየው። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እንኳ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነው።

ይህን መጽሐፍ የተከራየሁት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ከደጀን አባይ በረሃ ስንወርድ መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ። አዲሱን ድልድይ በ2001 መግቢያ ላይ ሠርታ ያስረከበችን ጃፓን ናት፣ በእርዳታ። አሮጌው ከጎኑ አለ። አየሁትና ልቤ ከበደኝ። ስመለስ ደብተሩ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ "እንደ ጃፓን እንሁን ከተባለ ከመቶ ዓመት በኋላ ድልድያችንን ጃፓን ሠራችልን። በዚያ ሥራ ላይ ስንት የእኛ ልጅ ድልድይ መሥራት ተማረ?"

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ አገኘሁ። ሰውየው የጻፈው በትልልቅ ፊደል ነው። እሱ የሠራው ባሕር ዳር አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ነው፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትሩ። ሥራ ተቋራጩ የቻይና ነው። እሱ ሲቀጠር ብረት አሳሪ ነበር፣ ሲጨርስ ኬብል ሲወጠር አጠገብ ቆሞ ቁጥር የሚያነብ ሆኗል። "ብዙ አየሁ፣ ግን ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ የጠየቅሁ ጊዜ የሚመልስልኝ አልነበረም፣ ቋንቋውም አይገባኝም፣ አለቃዬም ሥራህን ሥራ ይለኛል" ይላል። ይህን አንብቤ ረጅም ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው እጁ ሥራውን ያውቀዋል። "ለምን" የሚለውን ግን የሚሰጠው አላገኘም።

ሌላም አለ። አያቴ የቢቸና ሰው ነበሩ፣ በ1960 የግብር አመጽ ጊዜ ጫካ ከገቡት ናቸው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ይህን ስናገር የሰማ አንድ መምህር "ግብር አንከፍልም ያሉ ኋላ ቀሮች" ብሎ ክፍሉ ፊት አሳፍሮኛል። የኔታ ቤት ስለዚያ አመጽ የሚናገር ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ አለ። ሁለት ቀን ወስጄ አነበብኩት። ነገሩ እንደዚህ ነው። ያኔ የመጣው አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በወረቀት ላይ ካየነው አሥራትን፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛ የሚወስደውን የቆየ ግብር፣ የሚያስቀር፣ ሰው በገቢው ልክ እንዲከፍል የሚል ሕግ ነበር። ጥሩ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። የጎጃም ገበሬ ግን መሬቱ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ርስቱ ሊሄድ ነው ብሎ አመነ። ከዚያ በፊትም የመሬት ልኬታና ግብር ሲመጣበት ተቃውሟል። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ተነሳ፣ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ።

አሥራትን የሚያነሳ ሕግን አሥራት ከፋዩ ራሱ ለምን ተዋጋው ብዬ ጻፍኩ። የኔታ ደብተሩን አይተው አልጻፉም፣ ቀና ብለው "ሕጉን ማን አነበበላቸው?" ብቻ አሉኝ። ማንም አላነበበላቸውም። የመጣው ግብር ገማች ነው፣ ፖሊስ ነው። ያስረዳ፣ ጥያቄ የተቀበለ፣ "ርስታችሁ አይነካም፣ ይኸውና ጽሑፉ" ያለ አልነበረም። አያቴን ኋላ ቀር ያለው ያ መምህር ይህን ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

አባቴም ከስም አላመለጠም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር፣ መጻፍ ስለሚችል ብቻ። በ1989 መሬት ሲሸነሸን "ቢሮክራት" ተባለና አራት ጥማድ ብቻ ተተወለት። ቢሮክራት ማለት ምን እንደሆነ ዛሬም አያውቀውም። ቃሉ መሬቱን ወሰደበት፣ ይኸው ነው። ከዚያ በ2005 አካባቢ ጤፍ በመስመር ይዘራ ሲባል፣ አባቴ ግማሽ ጥማድ ላይ ሞከረው። ጤፉ አማረ፣ ይህን አልካደም። ነገር ግን ለዚያች ግማሽ ጥማድ ብቻ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደዋለ ቆጥሮ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነስቶ "ለአራቱም ጥማድ ማን ይዘራልኛል? የሚዘራ መሣሪያ አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አንድ የግብርና ባለሙያ "አንተ ኋላ ቀር ገበሬ ነህ፣ ሌላውን አታበላሽ" አለው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሄዶ አይናገርም። ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይመለሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አባቴ ሞክሯል፣ ቆጥሯል፣ ጠይቋል። ከዚያ በላይ ሳይንቲስትስ ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ የቀረው ያን ጥያቄ እንደ አመጽ የሰማው ጆሮ ነው። በፖለቲካችንም የማየው ይህንኑ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ስም ይመጣል፣ አድኃሪ ይባላል፣ ፊውዳል ይባላል፣ ቢሮክራት ይባላል፣ ስሙ የተለጠፈበት ሰው ያነሳው ጥያቄ ግን ሳይመለስ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ልጁ ያነሳዋል። ከዚያ የልጅ ልጁ።

ስለዚህ ይህ ቤት ለእኔ ከመጽሐፍ ኪራይ በላይ ነው። በ2015 ነሐሴ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ወጣቱ መቀመጫ አጥቶ ደጅ ቆሞ ያነብ እንደነበር የኔታ ነግረውኛል። ዳታው ሲመለስ ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ። የቀሩት ናቸው ዛሬ ደብተሩን የሚሞሉት።

አሁን ጉድለቱን ልናገር።

መብራት ሲጠፋ ቤቱ ጨለማ ነው፣ መስኮቷ ትንሽ ናት። መብራት ደግሞ ይጠፋል። አንድ የሶላር ፋኖስ ቢኖር ነገሩ ያልቅ ነበር፣ እኔ ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ ብያለሁ። መጽሐፎቹ በዓይነት አልተደረደሩም፣ የኔታ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ እሳቸው ከሌሉ ምንም አታገኙም። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ አለ፣ ከመውሰዳችሁ በፊት መጨረሻውን እዩ። እኔ አንድ ልብ ወለድ 240 ገጽ ድረስ አንብቤ የመጨረሻዎቹ ገጾች አልነበሩም፣ በጣም ተናድጃለሁ። የሳይንስና የኮምፒውተር መጽሐፍ አሮጌ ነው። ዘንድሮ ፕሮግራሚንግ መማር የሚፈልግ ልጅ እዚያ ሄዶ የፍሎፒ ዲስክ ማብራሪያ ይዞ ነው የሚወጣው። ይህ መስተካከል አለበት። ያላችሁ እባካችሁ ስጡ።

ሴት ልጆች ጥቂት ናቸው። ይህን የኔታን በቀጥታ ነው የጠየቅኋቸው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ውኃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ተዘግቷል። የኔታ በ11 ሰዓት ይዘጋሉና። መጀመሪያ "ማን ከለከላቸው?" አሉኝ። ቅር አለኝ፣ እኔም ዝም አላልኩም፣ የራሴን የልጅነት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቆጥሬ ነገርኳቸው። ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስሄድ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለሴት ተማሪዎች፣ በነጻ። በሰባ ምናምን ዓመታቸው። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱ ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው።

አንዱ ጉድለት ግን አልተስተካከለም። ስምንተኛው ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ተቀድዷል። ስፌቱ ላይ ቅሪቱ ይታያል። የቀደዱት የኔታ ናቸው፣ አልካዱኝም። ስለ ዛሬ ፖለቲካ የተጻፉ ጥያቄዎች ነበሩ። "ቤቱ እንዲቆይ ነው ልጄ" አሉኝ። እረዳቸዋለሁ። ከእሳቸው በላይ አገር ያዩ ናቸው፣ የሚፈሩትንም ያውቃሉ። ግን አልተስማማሁም፣ ፊት ለፊት ነው የነገርኳቸው። የአያቴን ጥያቄ ማንም አልጻፈውም፣ የአባቴን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም፣ አሁን ደግሞ የተጻፈው ሲቀደድ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አልመለሱልኝም። አቀርቅረው መጽሐፍ መለበጥ ቀጠሉ። ግን ደብተሩን ከመደርደሪያው አላነሱትም። የተቀደደው ቦታ እንደተቀደደ፣ ማንም እንዲያየው፣ እዚያው አለ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋ ለሁለቱ ገጾች ትቆያለች።

ተማሪዬ አሁንም ይሄዳል። ምንባቡን ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ እኛም ደብተር ጀምረናል፣ ገጽ የሚቀድ እንዳይኖር ገጾቹን ቁጥር ሰጥተናቸዋል። እስካሁን 41 ጥያቄ አለ። አሥራ ሁለቱን መመለስ አልቻልኩም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሴት ተማሪዎች፣ ከሰዓት ለሁሉም። እሑድና በዓል ዝግ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፣ የኔታ መልስ የላቸውም፣ በቴሌብርም አይቀበሉም። እስክሪብቶም ያዙ፣ የደብተሩ እስክሪብቶ ቶሎ ቶሎ ያልቃል።